በሕፃናት አንገት ላይ የሚከሠቱ፣ ከውልደት ጀምሮ ያሉ ፈሳሽ የቋጠሩ እብጠቶችና ቀዶ ሕክምናቸው

በልጅ አንገት ላይ የሚታይ እብጠት ሁሉ እንቅርት ወይም የዕጢ ቲቢ አይደለም። አንዳንዱ፣ ልጁ ገና በማሕፀን ሳለ መክሰም የነበረበት ቀጭን ቦይ ሳይከስም ቀርቶ ፈሳሽ የሚጠራቀምበት ከረጢት ነው። በሕክምና አጠራሩ ሲስት የሚባለው ይህ ከረጢት መነሻው ከውልደት በፊት ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ የሚስተዋለው ልጁ ጥቂት ዓመታት ካስቆጠረ በኋላ፣ በተለይም ጉንፋን ወይም የጉሮሮ ሕመም ተከትሎ ሲያብጥ ነው።

በብዛት የሚያጋጥመው በአንገት መካከል የሚወጣው ዓይነት ነው። የታይሮይድ ዕጢ በጽንስ ወቅት ከምላስ ሥር ተነሥቶ ወደ ታችኛው የአንገት ክፍል ይወርዳል፤ የወረደበት መንገድ በጊዜው ካልተዘጋ እብጠቱ በዚያው መስመር ላይ ይፈጠራል። ዋና መለያው ልጁ ሲውጥ ወይም ምላሱን ሲያወጣ እብጠቱ ወደ ላይ ከፍ ማለቱ ነው። በአንገት ጎን የሚታየው ደግሞ ሌላ ዓይነት ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜ ንፍጥ መሰል ፈሳሽ የምታንጠባጥብ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት ትኖረዋለች። በጨቅላነት የሚታየው ለስላሳና ሰፊ የሊምፍ ቧንቧዎች እብጠት ግን እንደ ሁኔታው በመርፌ በሚሰጥ መድኃኒትም ሊታከም ስለሚችል ከእነዚህ ተለይቶ መታየት አለበት።

እብጠቱ በአብዛኛው ሕመም የለውም። ሆኖም በራሱ የሚጠፋበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ በጀርም ሲጠቃም ይቀላል፣ ያተኩሳል፣ መግል ይይዛል። በየጊዜው ባመረቀዘ ቁጥር ዙሪያው ስለሚጠባበስ ቀዶ ሕክምናው ይከብዳል። በመሆኑም እብጠቱን በቤት ውስጥ መብጣት፣ መተኮስ ወይም ማፍረጥ መፍትሔ አይሆንም፤ ፈሳሹ ቢወጣም ከረጢቱ ስለሚቀር ተመልሶ ይሞላል፣ አልፎ አልፎም የማይደርቅ ቁስል ይተዋል። ያመረቀዘ እብጠት በቅድሚያ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይታከማል፤ ቀዶ ሕክምናው የሚደረገው ቁጣው ሙሉ በሙሉ ከበረደ ሳምንታት በኋላ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት የአንገት አልትራሳውንድ ምርመራ መደረግ ይኖርበታል። ምክንያቱ ቀላል አይደለም፦ በጥቂት ልጆች ላይ በአንገት መካከል ያለው እብጠት በቦታው ያልተቀመጠ የታይሮይድ ዕጢ፣ ምናልባትም ልጁ ያለው ብቸኛ ዕጢ ሊሆን ይችላል። ይህ ሳይጣራ ከወጣ ልጁ ዕድሜ ልኩን የሆርሞን መድኃኒት ለመውሰድ ይገደዳል። ወላጆች ይህ ምርመራ ስለመደረጉ ሐኪሙን የመጠየቅ መብት አላቸው።

የአንገት መካከል ሲስት ቀዶ ሕክምና በሙሉ ማደንዘዣ የሚከናወን ሲሆን፣ ዛሬም የሚሠራበት ዘዴ አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ሲስትረንክ በ1920 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ነው። በዚህ ዘዴ ከረጢቱ ብቻ ሳይሆን እስከ ምላስ ሥር የሚዘልቀው ቦይ፣ እንዲሁም ቦዩ የሚታከከው ሃዮይድ የተባለ ትንሽ አጥንት መካከለኛ ክፍል አብሮ ይወጣል። አጥንት ይቆረጣል ሲባል ብዙ ወላጆች ይደነግጣሉ፤ ነገር ግን የዚህ ክፍል መውጣት የልጁን ንግግርም ሆነ አዋዋጥ አይጎዳም። ከረጢቱ ብቻ ከወጣ ግን እብጠቱ ከሁለት ልጆች በአንዱ ገደማ ሊመለስ ይችላል፤ በሲስትረንክ ዘዴ ይህ ከመቶ ከ10 በታች ይወርዳል። የሚመለስ እብጠት ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው ስለሚከብድ፣ የመጀመሪያው በሙያው በሠለጠነ የሕፃናት ወይም የአንገት በላይ ቀዶ ሐኪም መሠራቱ ወሳኝ ነው።

ልጁ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለስንት ሰዓት ምግብ፣ ወተትና ውኃ መውሰድ እንደሌለበት የማደንዘዣ ባለሙያው ይነግራል። ከወጣ በኋላ አብዛኞቹ ልጆች በአንድ ወይም በሁለት ቀን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። የአንገት እብጠት በፍጥነት ከጨመረ ወይም ልጁ ለመተንፈስ ከተቸገረ ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት።

አገልግሎቱን የሚፈልጉ ወላጆች በቅድሚያ ልጁን በአቅራቢያቸው በሚገኝ ጤና ጣቢያ ያስመረምራሉ፤ ከዚያም በሪፈራል ወረቀት የቀዶ ሕክምና አገልግሎት ወዳለው ሆስፒታል ይላካሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ይህን ቅደም ተከተል ካልጠበቁ ወጪው ሊሸፈንላቸው ስለማይችል፣ የሪፈራሉን ወረቀት፣ የታደሰ የአባልነት መታወቂያና ቀደም ሲል የተደረጉ የምርመራ ውጤቶችን ይዘው መቅረብ ይጠበቅባቸዋል።