የጤና ተማሪዎች በአንድነት የመሥራት ዝንባሌና መለኪያው

በ1953 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 7,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይነገራል። በዚያ ዘመን ሐኪም ለአገሩ ሁሉ እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ፥ ሐኪም እስኪበዛ ከመጠበቅ ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ሆነ። በ1954 በጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ። ይህንንም ኮሌጅ መንግሥት ያቆመው ከዓለም የጤና ድርጅት፥ ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና ፖይንት ፎር ከተባለው የአሜሪካ እርዳታ ጋራ ተባብሮ ነው።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ኮሌጁ እነማንን እንዳስተማረ ነው። የጤና መኮንን፥ የማኅበረሰብ ነርስ፥ ሳኒታሪያን የተባለው የንጽሕና ጥበቃ ባለሙያም፥ ሦስቱም በአንድ ግቢ ተምረው፥ እንደ ቆላ ድባ ባለ ጤና ጣቢያ አብረው ተለማምደው፥ ሲመረቁም በአንድነት እንዲሰማሩ ታስቦ ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ሕፃን በተቅማጥ ታሞ ወደ ጤና ጣቢያ መጣ እንበል። መኮንኑ መርምሮ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ሕፃኑም ይድናል። ነገር ግን ውሃው የሚቀዳው ከብት ከሚጠጣበት ምንጭ ከሆነ፥ እናቲቱም ውሃውን ሳታፈላ የምታጠጣው ከሆነ፥ ያው ሕፃን በወሩ ተመልሶ ይመጣል፤ ወይም ከነአካቴው አይመጣም። ነርሷ እናቲቱን ከቤቷ ሄዳ ካላስተማረች፥ ሳኒታሪያኑም ምንጩን ካላሳጠረ፥ የመኮንኑ ድካም በወንፊት ውሃ እንደ መቅዳት ነው።

ይሁን እንጂ ሦስት ሰዎችን በአንድ ጣቢያ ማኖር ቀላል ሲሆን፥ አንዱ የሌላውን ሥራ እንደ ሥራ እንዲቈጥረው ማድረግ ሌላ ጉዳይ ነው። የቡድኑ መሪ መኮንኑ ነበር። ማዕረግ በሚከበርበት በእኛ አገር ደግሞ የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚያስቆፍረው ሰው ቃል፥ ማዳመጫ በአንገቱ ካንጠለጠለው ሰው ቃል ጋራ እኩል ይደመጣል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። እንግዲያስ አንድ ተማሪ ከሌላ ሙያ ሰው ጋራ ለመሥራት ልቡ የቀና መሆኑ በምን ይታወቃል?

የልብን ዝንባሌ በቍጥር የመለካት ሙከራ ከጎንደሩ ኮሌጅ ቀድሞ የተጀመረ ነው። ተርስቶን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1928 ዝንባሌ ሊለካ እንደሚችል ጻፈ፤ በ1932ም ሬንሲስ ሊከርት ከሙሉ ስምምነት እስከ ሙሉ ተቃውሞ አምስት ደረጃ ያለውን ቀላል ዘዴ አወጣ። የዓለም የጤና ድርጅት በ1988 ልዩ ልዩ የጤና ሙያ ተማሪዎች በአንድነት እንዲማሩ የሚመክር ሪፖርት ካሳተመ በኋላ፥ ፓርሴልና ብላይ የተባሉ በእንግሊዝ አገር የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ1999 19 ዐረፍተ ነገሮች ያሉትን መጠይቅ አዘጋጅተው 8 ሙያ በሚማሩ 120 ተማሪዎች ላይ ፈተኑት።

በመጠይቁ ውስጥ የቡድን ሥራ ለበሽተኛ ይጠቅማል የሚል አሳብ በብዙ መልክ ይገኛል። ይህን ማን ይክዳል? «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ያልሰማ ሕፃን በሌለበት አገር፥ መልሱ ጥያቄው ሳይነበብ የታወቀ ነው። ቁም ነገሩ ያለው የነርስ ዋና ሥራ ሐኪምን መርዳት ነውን? የእኔ ሙያ ከሌላው የበለጠ እውቀት ይጠይቃልን? በሚሉት ጥቂት ጥያቄዎች ላይ ነው፤ ማዕረግን የሚነኩት እነዚህ ናቸውና። የሚያሳዝነው ግን ከመጠይቁ ሁሉ ደካማ ሆኖ የተገኘው ይኸው ክፍል ነው፤ ለነዚህ ጥያቄዎች የተሰጡት መልሶች እርስ በርሳቸው በደንብ አልገጠሙም። በ2005 ሌሎች ተመራማሪዎች መጠይቁን በ3 ፈንታ በ4 ክፍል አደራጅተው አሻሽለውታል። በእኔ አስተያየት ግን ችግሩ የጥያቄዎቹ አቀራረብ ብቻ አይደለም። ማዕረጉን በሚመለከት ነገር ተጠይቆ ልቡን ገልጦ የሚናገር ሰው ብርቅ ነው። በመሥሪያ ቤት እንደምናየውም፥ በስብሰባ ላይ ስለ መተባበር ያማረ ንግግር ያሰማው ሹም በማግሥቱ አንድ ፋይል ለጎረቤት ክፍል አላውስም ብሎ ሳጥኑን ይቈልፋል።

ጤና ጣቢያ ለእንዲህ ያለው ሰው መደበቂያ አይሆንም፤ ምንጩ ወይ ታጥሯል ወይ አልታጠረም። ምናልባት ስለዚህ ይሆናል፥ የጤና መኮንኖች ትምህርት በ1970ዎቹ ተቋርጦ በ1990ዎቹ እንደ ገና ሲጀመር አሳቡ ያልሞተው። በ1983 የተመሠረተው የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ትምህርቱን በሕዝቡ መካከል እንዲሆን አድርጎ፥ የልዩ ልዩ ሙያ ተመራቂ ተማሪዎችን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ መላክን ሥርዓት አድርጎታል።

ዝንባሌን በመጠይቅ መለካትም ቢሆን ወደ አገራችን መግባቱ አልቀረም። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ነርሶችና ሐኪሞች ስለ መተባበር ያላቸው አመለካከት ተለክቶ ውጤቱ በ2014 ታትሟል። የነርሶቹ ዝንባሌ ከሐኪሞቹ ይልቅ የቀና ሆኖ ተገኘ። ሳኒታሪያኖች በጥናቱ አልተጠየቁም።