በእጅ የተገለበጠ መጽሐፍ ይታመናልን? ስለ ኦሪት፣ ስለ ሄኖክና ስለ ኩፋሌ

ከማተሚያ መኪና የወጣ መጽሐፍ ይዘን ያደግን ተማሪዎች ስለ ብራና መጽሐፍ ስንከራከር ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንደኛው ወገን፣ «ሁለት ሺህ ዓመት ከእጅ ወደ እጅ የተገለበጠ ነገር እንዴት ሳይበላሽ ይደርሳል? ደብዳቤ እንኳ ሁለት ጊዜ ሲገለበጥ ይሳሳታል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «አንዲት ነቍጥ አልጎደለችም» ብሎ ይቆጣል። ሁለቱም ቅጂውን ከቅጂ ጋር አስተያይተው የተናገሩ አይመስለኝም። ነገሩ ግን ዛሬ በግምት ብቻ የሚነገር አይደለም፤ ሊመዘን ይችላል፤ ከሚመዘንበትም ሚዛን አንዱ ከዚሁ ከእኛ አገር፣ ከጥንቱ ከበጌምድርና ከጎንደር የወጣ ነው። አንባቢ ከውጭ አገር መጻሕፍት ጋር ለማስተያየት እንዲመቸው ዘመኖቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

አስቀድሞ ስለ አይሁድ ጸሐፍት ጥቂት ልናገር። ኦሪትን የሚጽፍ አይሁዳዊ ጸሐፊ ቃሉን በቃሉ ቢያውቀውም እንኳ ከፊቱ ቅጂ ሳያኖር እንዲጽፍ አይፈቀድለትም። ማሶሬቶች የተባሉት ሊቃውንት ፊደሉንና ቃሉን እየቈጠሩ በኅዳጉ ላይ ምልክት ያደርጉ ነበር። ከእነርሱ እጅ የደረሱን ታላላቅ መጻሕፍት በ930 ገደማ የተጻፈው የሀለብ መጽሐፍና በ1008 የተጻፈው የሌኒንግራድ መጽሐፍ ናቸው። ከዚያ በፊት ስላለው ዘመን ግን ለብዙ ጊዜ የሚመሰክር የዕብራይስጥ ቅጂ እምብዛም አልነበረም።

የእኛ ቁም ጸሐፊ ፊደል አይቈጥርም። ቆዳውን ይወጥራል፣ ይፍቃል፣ በወስፌ ያሰምራል፤ በመቃ ብዕር እየነከረ በጥቁር ቀለም ይጽፋል፤ ለቅዱሳን ስሞች ቀይ ቀለም ያነሣል። ቢሳሳት በቢላዋ ይፍቃል፤ ቃል ቢዘልል ከመስመሩ በላይ ወይም በኅዳጉ ያገባዋል። ሰ እና ሠን፣ ሐ እና ኀን ማለዋወጥ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። አንድ ዓይነት ቃል በሁለት መስመር መጨረሻ ሲገኝ ዓይን ከላይኛው ወደ ታችኛው ዘልሎ በመካከል ያለው ሁሉ ይቀራል። ከሁሉ የባሰው ግን የቍጥር ፊደል ነው፤ ፮ እና ፯ ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ያላየ ተማሪ የለም።

ታዲያ ጠባቂው ማን ነበር? ጠባቂው የትምህርት ቤቱ ጆሮ ነበር እላለሁ። ንባብ ቤት የሚቀመጥ ልጅ ዳዊቱን በመምህሩ ፊት ጮኾ ያነባል፤ መምህሩ መጽሐፍ ሳይገልጥ ስሕተቱን ይሰማል። በትርጓሜ ቤትም መምህራኑ አንዱ ቅጂ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይላል እያሉ ሁለቱንም ያወርዳሉ። በእኛው በጋይንት ያለችው የድጓ ምስክር ቤት ቤተ ልሔም የታወቀች ናት፤ የድጓ ተማሪ መጽሐፉን በእጁ እየጻፈ በቃሉም ይማራል። ድጓ የአይሁድ መጽሐፍ አይደለም፤ ነገር ግን አንድ መጽሐፍ በብራናም በቃልም ሲያዝ አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚያርመው ያሳያል።

ከዚህ ላይ ጎረቤቶቻችን የነበሩትን ቤተ እስራኤልን መርሳት አይገባም። በደምቢያ፣ በወገራና በሰሜን የነበሩት ቀሳውስቶቻቸው ኦሪትን የሚያነቡት በዕብራይስጥ ሳይሆን በግዕዝ ነበር። ኦሪታቸውም ከክርስቲያኖቹ የተለየ ትርጉም አይደለም፤ ከሰብዓ ሊቃናት የጽርዕ መጽሐፍ የተመለሰው ያው ግዕዝ ነው። አንዳንዱን ቅጂ ከክርስቲያን ጸሐፍት የገዙት ሲሆን፣ በመግቢያው የተጻፈውን የሥላሴን ስም ፍቀው ያጠፉበት ብራና ይገኛል። ይህ ነገር እጅግ ያስደንቀኛል። አንዱ የሌላውን ምግብ የማይበላ፣ ከመንካትም የሚጠነቀቅ ሁለት ሕዝብ፣ በሃይማኖት ክርክር መካከል ሆኖ፣ አንድ ኦሪት ሲያነብ ኖረ። መግቢያው ተፋቀ፤ ኦሪቱ ግን ያው ኦሪት ሆኖ ቀረ። አብዛኞቹ ቤተ እስራኤል በ1984 እና በ1985፣ ከዚያም በግንቦት 1991 በተደረጉት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሲሄዱ ይኸው የግዕዝ ኦሪት አብሮአቸው ሄዷል።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ። አይሁድ በጥንት ዘመን የጻፏቸው፣ ኋላ ግን ከእጃቸው የጠፉ ሁለት መጻሕፍት አሉ፤ ሄኖክና ኩፋሌ። ሁለቱም በሙሉ የተገኙት በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ ተቀምጦ ሲመለስ፣ በ1773 ሦስት የሄኖክ ቅጂዎች ወደ አውሮፓ አደረሰ። ሪቻርድ ሎረንስም በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አሳተመው። ሌሎች ቅጂዎች የሄዱበት መንገድ ደግሞ ያሳዝናል። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው ሳሉ በ1866 ጎንደርን አስዘርፈው የአድባራቱን መጻሕፍት ሰበሰቡ፤ መጻሕፍቱ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የታሰቡ ነበሩ። በ1868 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ወሰዷቸው፤ 350 ያህሉም ለንደን ገቡ። ከእነዚህ መካከል በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተጻፈ፣ ሄኖክንና ኩፋሌን በአንድነት የያዘ ብራና ይገኛል።

የአውሮፓ ሊቃውንት በመጀመሪያ እነዚህን ቅጂዎች በጥርጣሬ ማየታቸው አይፈረድባቸውም። ከዕብራይስጥ ወይም ከአራማይክ ወደ ጽርዕ፣ ከጽርዕ ወደ ግዕዝ፣ ከዚያም ከሺህ ዓመት በላይ ከብራና ወደ ብራና! ነገር ግን ከ1947 እስከ 1956 ባለው ጊዜ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የጥንት ጥቅሎች ተገኙ። ከማሶሬቶች ቅጂ በሺህ ዓመት ያህል የሚቀድም የኢሳይያስ ጥቅል ወጣ፤ በአጻጻፍና በአንዳንድ ቃል ቢለያይም መጽሐፉ ያው ኢሳይያስ ነበር። በዚያው ዋሻ አገር የ15 ያህል የኩፋሌ ቅጂዎች የዕብራይስጥ ቍርጥራጭ፣ የሄኖክም አራማይክ ቍርጥራጭ ተገኘ። ጄምስ ቫንደርካም የኩፋሌን ዕብራይስጥ ከግዕዙ ጋር ቃል በቃል አስተያይቶ በ1977 ባሳተመው ጥናት፣ ግዕዙ በጣም የታመነ መሆኑን አሳየ።

ስለ ዳዊትም አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ የብራና ዳዊት 151 መዝሙር አለ፤ በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስና እርሱን ተከትለው በታተሙት ግን 150 ብቻ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው መዝሙር ኋላ የተጨመረ ድርሰት ይመስል ነበር። በ1956 በተገኘው 11ኛው ዋሻ ግን የዕብራይስጡ መልክ፣ ከእኛው በሰፊው የተለየ ቢሆንም፣ በመዝሙር ጥቅል ውስጥ ተጽፎ ተገኘ።

ለእኔ ከዋሻው ይልቅ የሚያሳምነኝ ምስክር ግን በራሳችን መጻሕፍት ውስጥ አለ። የግዕዝ ኦሪት እንደ ሰብዓ ሊቃናት አዳም ሴትን የወለደው በ230 ዓመቱ ነው ይላል። ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት የምንለው የዘመን ቈጠራም በዚህ ዓይነቱ ረጅም ቍጥር ላይ የቆመ ነው። ኩፋሌ ግን በኢዮቤልዩና በሱባዔ ሲቈጥር ሴት የተወለደው በ130ኛው ዓመት ይሆናል፤ ይህም ከዕብራይስጡ ጋር ይስማማል። ከፍጥረት ጀምሮ እስራኤል ከነዓን እስኪገቡ ድረስም 50 ኢዮቤልዩ፣ ማለት 2450 ዓመት ብቻ ያደርጋል። ይህ ለባሕረ ሐሳብ ሊቅ ትልቅ እሾህ ነው። ጸሐፊው ሒሳቡን አላስተዋለውም የሚል ይኖር ይሆናል፤ አንዱ ላያስተውል ይችላል፤ ነገር ግን ስንት መቶ ዓመት ሁሉም አላስተዋሉም ማለት ይከብዳል። ኦሪቱንም ኩፋሌውንም የያዘች አንዲት ቤተ ክርስቲያን አንዱን በሌላው ሳታርም ሁለቱን እንደ አገኘቻቸው አስገልብጣለች። አሳሳች ሰው ቢሆን የሚጀምረው ከዚህ ነበር።

«አንዲት ነቍጥ አልጎደለችም» ለሚለው ወገን ደግሞ የምናገረው አለኝ። በሄኖክ ውስጥ የዓለም ታሪክ በአሥር ሱባዔ ተከፍሎ ይነገራል። በግዕዙ ከ8ኛው እስከ 10ኛው ያሉት ሱባዔዎች በምዕራፍ 91፣ ከ1ኛው እስከ 7ኛው ያሉት ግን ከዚያ በኋላ በምዕራፍ 93 ተጽፈዋል፤ ኋለኛው ቀድሟል ማለት ነው። ሊቃውንት ቅጠል ወይም ክፍል እንደ ተዛወረ ቀድሞም ጠርጥረው ነበር፤ ሚሊክ በ1976 ያሳተመው የቁምራን አራማይክ ሱባዔዎቹን በተራቸው አስቀምጦ ተገኘ። ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ ጉዞ የሚናገረው ክፍልም በአራማይኩ ከእኛው ይልቅ ረጅም ነው። ስለዚህ ስሕተት አለ፤ ነገር ግን የታየ፣ ስፍራውም የታወቀ ስሕተት ነው።

ሚዛን ያልተገኘለት ክፍልም አለ። ስለ ሰው ልጅ የሚናገሩት ከ37 እስከ 71 ያሉት የሄኖክ ምዕራፎች በቁምራን አንድ ቍራጭ እንኳ አልተገኘላቸውም፤ በጽርዕም የሉም። ስለ እነዚህ ምዕራፎች መጻፍ የሚፈልግ የየትኛውም አገር ሊቅ ግዕዝ መማርና የእኛን ቁም ጸሐፊዎች ብራና መግለጥ አለበት።