የሙቶን ወይን ጠጅና የማዕረጉ ታሪክ

በፈረንሳይ አገር፥ ከቦርዶ ከተማ በስተ ሰሜን፥ ፖያክ በሚባለው ቀበሌ ጠጠራማ መሬት ላይ ሻቶ ሙቶን ሮትሺልድ የተባለ የወይን እርሻ ይገኛል። ይህን እርሻ በ1853 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ባሮን ናታንዬል ደ ሮትሺልድ ገዛው።

በ1855 ንጉሠ ነገሥት ናፖሌዎን 3ኛ ለፓሪስ ኤግዚቢሲዮን የቦርዶ ወይን ጠጆች በደረጃ እንዲመደቡ ባዘዘ ጊዜ፥ የከተማው ደላሎች የገበያውን ዋጋ መሠረት አድርገው መዝገቡን ጻፉ። ላፊት፥ ላቱር፥ ማርጎና ኦ ብሪዮን አንደኛውን ማዕረግ ሲያገኙ፥ ሙቶን በሁለተኛው ረድፍ ራስ ላይ ቀረ።

በ1922 ባሮን ፊሊፕ ደ ሮትሺልድ በ20 ዓመት ዕድሜው እርሻውን ተረከበ። በዚያ ዘመን ወይን ጠጁ በበርሜል ወደ ነጋዴዎች ተልኮ በእነርሱ ቤት ወደ ጠርሙስ ይገለበጥ ነበርና፥ ጉድለት ቢገኝ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግር ነበር። ባሮኑ ግን ከ1924 ምርት ጀምሮ ሁሉም በእርሻው ላይ በጠርሙስ እንዲሞላ አደረገ፤ የሥራውንም ኃላፊነት እስከ መጨረሻው ራሱ ያዘ።

ለማዕረጉ ያቀረበው አቤቱታ ብዙ ዘመን ፈጀ። በመጨረሻ በ1973 የእርሻ ሚኒስትሩ ዣክ ሺራክ በፈረመው ድንጋጌ ሙቶን ወደ አንደኛው ማዕረግ ወጣ። በዚያ መዝገብ ከተጻፉት መካከል ከነበረበት ደረጃ ከፍ ያለ ሌላ የለም።

የገበያ ዋጋ የዚያን ቀን ግምት ይነግራል እንጂ የነገን ትጋት አይመዝንም። በጥቂት ጊዜ የተጻፈውን አንድ መስመር ለማቃናት 118 ዓመት አስፈለገ። ስለዚህ ሰውንም ሆነ ሥራን በደረጃ የምንመድብ ሁላችን፥ ብዕራችንን ስናነሣ ይህን ብናስታውስ ይጠቅመናል።