በዐጀሚ የተጻፈው መንዙማ፦ አያቶቻችን ጠበቁት፣ እኛስ?



ደብረ ታቦር ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ጋፋት ላይ የተሠራው የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ነው። ለእኛ ለሙስሊሞቹ ግን ከተማዋ ሌላም ትዝታ አላት። ከቴዎድሮስ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመቀመጫዎቻቸው አንዷ አድርገዋታል። እኚሁ ንጉሥ በ1870 ዓ.ም. ወሎ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው ሙስሊሞች በ3 ዓመት ውስጥ ክርስትና እንዲነሡ አዘዙ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። እምቢ ያለው ተሰደደ፣ ሸፈተ፤ ያልቻለው ዲኑን በልቡ ይዞ ኖረ።

ከእምቢተኞቹ ግንባር ቀደሙ ሸይኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር (ረሒመሁላህ) ነበሩ። ትግላቸው በጦር ብቻ አልነበረም። መንዙማ ይገጥሙ ነበር፤ ቋንቋው አማርኛ፣ ፊደሉ ዐረብኛ። ይህ አጻጻፍ ዐጀሚ ይባላል። ለምን እንዲህ ሆነ? ገበሬው የሚሰማው አማርኛ ነው፤ ደረሳው ቂርኣት ቤት የተማረው ደግሞ የቁርኣንን ፊደል ነው። ዐጀሚ ሁለቱን አገናኘ።

ዐጀሚን ማንበብ ግን ቀላል አይደለም። አማርኛ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ 7 ድምፅ አለው፤ ዐረብኛ ያለው የአጭር ድምፅ ምልክት ፈትሓ፣ ከስራና ዶማ፣ 3 ብቻ ነው። ለ«ጨ» እና ለ«ኘ» የራሳቸው ፊደል የላቸውም። ስለዚህ ዜማውን በቃሉ የማያውቅ ሰው ኪታቡን ይዞም ይደናቀፋል። መሪው ያወጣል፣ ጀመዓው ይቀበላል፣ ድቤው ይመታል፤ ወረቀቱ የሚናገረው እነሱ ሲኖሩ ነው። ኪታቡ ለአንደበት፣ አንደበቱም ለኪታቡ አማና ነበር።

ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ታሪክ የጻፉት እንዲህ ያሉ የእጅ ጽሑፎችንና የሽማግሌዎችን ቃል አሰባስበው ነው። ያንን ቅርስ ያቆዩት ቤተ መንግሥትም ሙዚየምም አልነበሩም። በቆዳ ጠቅልለው ከጭስና ከዝናብ የጠበቁ ተራ ምእመናን ናቸው።

ወሎ ለእኛ ሩቅ አይደለችም፤ ከጋይንት ወዲያ ጎረቤታችን ናት። ዛሬ ንጉሥ አያሳድደንም። መንዙማውን ስልካችን ላይ እንሰማለን፤ አያታችን ቤት ሣጥን ውስጥ ያለውን ወረቀት ግን «አሮጌ ነው» ብለን እናልፈዋለን። አንዳንዶቻችን በመንዙማ ላይ የተለየ አቋም አለን፤ እሱን ለዑለማዎች እንተወው። ታሪክን መጣል ግን የማንም አቋም ሊሆን አይገባም።

በዚህ ሳምንት ወደ ቤተሰብ ስንሄድ እንጠይቅ። ኪታብ ካለ አንሽጠው፣ በፕላስተር አንለጥፈው፤ ገጽ በገጽ ፎቶ እናንሳው፣ የማን እንደነበረ እንመዝግብ። ዜማውን የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ ደግሞ አጠገቡ ቁጭ ብለን እየተከተልን እናንብብ። ወረቀቱ ሊቆይ ይችላል፤ ሽማግሌው ግን አይጠብቀንም።

አላህ ጠብቀው ላቆዩልን ይዘንላቸው፤ እኛንም አማና ጠባቂ ያድርገን። አሚን።