የቀለም ቀቢው ዘሮች

የአድዋ ሰሞን ፌስቡካችን በምኒልክና በጣይቱ ፎቶ ይሞላል። ግን ከሥሩ የፎቶ አንሺው ስም ተጽፎ ያየ ሰው አለ? እኔ እምብዛም አላጋጠመኝም። ንጉሡን እናውቃለን፣ ካሜራው ጀርባ የቆመውን ግን ቆርጠን ጥለነዋል።

ከቆረጥናቸው አንዱ ቤድሮስ ቦያጂያን ነው። አርመናዊ ነው፤ የመጣው ዛሬ ቱርክ ውስጥ ካለችው ከዲያርባኪር ነው። «ቦያጂ» በቱርክኛ ቀለም ቀቢ ወይም ጨርቅ ነካሪ ማለት ነው፤ «ያን» ደግሞ በአርመንኛ የእገሌ ዘር እንደማለት። ጨርቅ በቀለም የሚነክር ቤተሰብ ቆይቶ ወረቀት በኬሚካል ወደ መንከር ዞረ ማለት ነው። (ይሄ የእኔ ቀልድ ነው፣ ግን ደስ ይላል።)

ለምን መጣ? የዘመኑን ሁኔታ ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. ከ1894 እስከ 1896 በኦቶማን ግዛት በአርመኖች ላይ ጭፍጨፋ ተካሂዷል፤ ዲያርባኪርም አልተረፈችም። ከዚያ ወዲህ ብዙ አርመኖች አገር ፍለጋ ወጡ። ኢትዮጵያ ደግሞ በሃይማኖት የምትቀርባቸው ክርስቲያን መንግሥት ነበረች፤ አዲስ አበባም ገና እየተቆረቆረች ስለነበር ወርቅ አንጥረኛ፣ ልብስ ሰፊ፣ ግንበኛ ትፈልጋለች። ፎቶ አንሺም ጭምር።

የፎቶ ሥራ በአርመኖች እጅ መሆኑ አዲስ ነገር አልነበረም። ኢስታንቡል ውስጥ አብዱላ ወንድማማቾች የሚባሉ ሦስት አርመኖች ከ1858 ጀምሮ አንድ ፎቶ ቤት አብረው ይዘው የሱልጣኑ ፎቶ አንሺ እስከ መሆን ደርሰዋል። ቤድሮስም አዲስ አበባ ላይ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ። በ1928 እስኪሞት ድረስም ሙያው የቤተሰብ ሆነ። ትልቁ ልጁ ሃይጋዝ ተረከበው፤ ቀጥሎ ታናሹ ቶኒ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ፎቶ አንሺ ሆነ። አባት ምኒልክን፣ ልጅ ኃይለ ሥላሴን። ዙፋኑ ላይ ያለው ሲቀየር ካሜራው ከአንድ ቤት አልወጣም።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። እኔ የምኖረው ፉሪ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ሦስት ጓደኛሞች በሽርክና የከፈቱት ፎቶ ቤት አለ፤ ጉርድ ፎቶ፣ ሰርግ፣ ምርቃት፣ ያገኙትን ይሠራሉ። አንዷ በአካውንቲንግ ተመርቃ ሥራ ያጣች ናት። አንዱ ከደሴ መጥቶ ለሰርግ ቀራጮች መብራት ሲሸከም የኖረ ነው። ሦስተኛው ያደገው ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። ፎቶው ላይ የሚያርፈው ግን የቤቱ ስም ብቻ ነው። «ታዲያ ይህቺን ማን አነሳት?» ብዬ አንዷን ሙሽራ ሳሳያቸው ሦስቱም ተያዩና ሳቁ።

የቦያጂያንም ነገር እንዲሁ ነው። የቤተሰብ ስም ጥሩ ማስታወቂያ ነው፣ ለታሪክ ጸሐፊ ግን ፈተና። ፎቶው የአባት ይሁን የልጅ፣ የቤተ መንግሥት ትእዛዝ ይሁን የደንበኛ፣ ስሙ ብቻውን አይነግረንም። በዚያ ላይ አብዛኛው ፎቶ የሚዞረው ስሙም ሳይኖርበት ነው።

ስደተኞቹ ያለፉት በፎቶ ብቻ አይደለም። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 አርመናዊ ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የምንላቸው፣ የመንግሥት የሙዚቃ ጓድ ሆነዋል። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የዘውዱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሷል። ስለዚህ «የራሳችን» የምንለው የንጉሥ ዘመን መልክና ድምፅ ባመዛኙ አገሩን በተቀማ ሰው እጅ ነው የተሠራው። ይህን መቀበል የሚከብዳቸው አሉ፤ እኔ ግን የሚያኮራ ሆኖ ነው ያገኘሁት፤ ሰው የተባረረበትን ሙያ ይዞ መጥቶ ቤት አግኝቷላ።

ቤቱ ግን ዘላቂ አልሆነም። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈነዳ፣ በዓመቱ ትርፍ ቤቶች ተወረሱ፣ ብዙ አርመኖችም ወደ አሜሪካና ካናዳ ሄዱ። ደንበኛው ዙፋን የነበረ ፎቶ ቤት፣ ዙፋኑ ሲወርድ ደንበኛውንም አጣ።