የጥይት ሳጥን እንዴት ይነበባል?

የሶቪየት የጥይት ሳጥን ለማንበብ ሩሲያኛ ማወቅ ግድ አይልም፤ ቁጥሮቹ ይበቃሉ። ጎኑ ላይ 7.62 ተጽፎ ብዛቱ 1320 ከሆነ የክላሽ ጥይት ነው፤ ውስጡ 660 ጥይት የያዙ ሁለት የታሸጉ ቆርቆሮዎች አሉ። 880 ከሆነ ደግሞ ረዘም ያለው የመትረየስ ጥይት ነው። አረንጓዴ ምልክት በሌሊት መንገዱ የሚታየውን ጥይት፣ ጥቁርና ቀይ ደግሞ ብረት በስቶ የሚያቃጥለውን ያመለክታል።

ዋናዋ ግን በሰረዝ የተከፋፈለችው መስመር ናት። መጀመሪያ የምርቱ ተራ፣ ቀጥሎ ዓመቱ፣ መጨረሻ ላይ የፋብሪካው ቁጥር ይመጣል። 17 የሳይቤሪያው ባርናውል ነው፤ 60 ፍሩንዜ፣ የዛሬዋ ቢሽኬክ፤ 270 የዩክሬኗ ሉጋንስክ። በስም ፋንታ ቁጥር የተሰጣቸው ለምስጢር ተብሎ ነበር፤ ዛሬ አሮጌ ጥይት የሚሰበስብ ሁሉ በቃሉ ይዞታል። ዓመቱም የፈረንጅ መሆኑን ልብ ይሏል፤ 77 ማለት በእኛ 1969 ወይም 1970 ነው። እንጨቱን ብቻ ማመን ግን አያዋጣም፤ ባዶ ሳጥን ሌላ ይሞላበታል። የማይለወጠው የቀለሃው ቂጥ ላይ የተመታው የፋብሪካ ቁጥርና ዓመት ነው።

ይህ ሁሉ ዕውቀት የኦጋዴን ጦርነት ላይ ሲደርስ ይደናገራል። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የጦር መሣሪያ ውል የተፈራረመችው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሶማሊያን ጦር ያስታጠቀችው ደግሞ ሶቪየት ኅብረት ነበረች። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ ጦር ሲገባ፣ አሜሪካ ሠራሹ ኤፍ-5 ሶቪየት ሠራሹን ሚግ በሰማይ ገጠመው። አሜሪካ ግን ከደርግ ጋር ተቃቅራ እጇን ሰብስባ ነበር፤ ሞስኮ ደግሞ ፊቷን ወደ አዲስ አበባ አዞረች። ኅዳር 4 ቀን 1970 ዓ.ም. ዚያድ ባሬ ከሶቪየት ጋር የነበረውን የወዳጅነት ውል ቀደደ። ከዚያ በኋላ በአየርም በባሕርም ወደ ኢትዮጵያ የጎረፈው መሣሪያ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ይገመታል። የኩባ ወታደሮችም መጡ።

ስለዚህ ጅግጅጋ ነጻ በወጣችበት የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ወዲህና ወዲያ የተሰለፉት ሁለቱ ጦሮች ጥይታቸው ከአንድ ጓዳ የወጣ ነበር። ዛሬ ከዚያ ሜዳ ለተነሣ ሳጥን የፋብሪካው ቁጥር ባለቤቱን አይነግርም። ዓመቱ ግን ትንሽ ይረዳል፤ 78 የሚል ከሆነ ከሞስኮ በቀጥታ ወደ ሞቃዲሾ የተላከ ሊሆን አይችልም፤ በሩ ቀድሞ ተዘግቷል። 70 ወይም 72 ከሆነ ግን ከየትኛውም ወገን ሊሆን ይችላል፤ አሮጌ ክምችትም ይላካልና።

ምልክቱ ሆን ተብሎ የጠፋ እርዳታም አለ። በ1927 ዓ.ም. ክረምት፣ ጣልያን ለወረራ ስትዘጋጅ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ዴቪድ ሆል በርሊን ሄዶ መሣሪያ ለመነ። ሂትለር በምስጢር 3 ሚሊዮን ማርክ ፈቀደ፤ 10,000 መውዘርና 10 ሚሊዮን ጥይት ከተላከው ውስጥ ነበር። የፋብሪካ ምልክቱ ተፍቆ ነው የመጣው። ለኢትዮጵያ አዝኖ አይደለም። ኦስትሪያን ለመዋጥ ሲያስብ መንገድ የዘጋበት ሙሶሊኒ ነበርና፣ አፍሪካ ውስጥ ተጠምዶ ቢቆይለት ይወዳል። ጦርነቱ እንዲረዝም እንጂ ኢትዮጵያ እንድታሸንፍ አልረዳም። ያን ዘመን የሚያጠና ሰው እንግዲህ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን የተፋቀውንም ቦታ መመርመር አለበት።

የሶቪየቱ ሳጥን በዚህ ረገድ ግልጽ ነው፤ ዓመቱን፣ ፋብሪካውን፣ ባሩዱ የተቀመመበትን ጊዜ ሳይቀር ይናገራል። ዋጋው ብቻ አልተጻፈበትም። አብዛኛው በብድር የመጣ ነበርና ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ዕዳው ለሩሲያ ተላለፈ፤ ሞስኮ ከዚያ ውስጥ 4.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሰረዘችው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከካራማራ 23 ዓመት በኋላ።