የባትሪ አልትራሳውንድ ፍተሻ

የባትሪ አልትራሳውንድ ፍተሻ የታሸገ ባትሪን ሳይከፍቱና ሳይጎዱ የውስጡን ሁኔታ በድምፅ ሞገድ የማወቂያ ዘዴ ነው። አልትራሳውንድ ከ20,000 ኸርዝ በላይ ድግግሞሽ ያለው፣ የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ነው። ዘዴው በተለይ በስልክ፣ በላፕቶፕና በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ለሚገኙት የሊቲየም-አዮን ባትሪዎች ያገለግላል።

አሠራር

ትራንስዱሰር የተባለ መሣሪያ ከባትሪው አንድ ገጽ አጭር የድምፅ ምት ይልካል። በተቃራኒው ገጽ ያለ ሌላ ትራንስዱሰር ያለፈውን ድምፅ ይቀበላል፤ ወይም የመጀመሪያው ራሱ እንደ ገደል ማሚቶ የሚመለሰውን ይቀበላል። የሚለኩት ዋና ነገሮች ድምፁ ለመጓዝ የወሰደበት ጊዜና ሲደርስ የቀረው ጉልበት ናቸው።

የድምፅ ፍጥነት በሚያልፍበት ቁስ ግትርነትና እፍግታ ይወሰናል። ባትሪ ሲሞላ የሊቲየም አዮኖች በግራፋይት ንብርብሮች መካከል ይገባሉ፤ ግራፋይቱም 10 በመቶ ገደማ ያብጣል፣ ግትርነቱም ይጨምራል። በዚህ ምክንያት የአንድ ባትሪ የድምፅ ጉዞ ጊዜ ሲሞላና ሲያልቅ ይለያያል።

ለምርምር

በ2015 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው ዳንኤል ስታይንጋርትና ባልደረቦቹ የድምፅ ጉዞ ጊዜ ከባትሪው የሙሌት መጠንና ጤንነት ጋር እንደሚዛመድ የሚያሳይ ጥናት አሳተሙ። ልኬቱ ባትሪው እየሠራ ሳለ ስለሚካሄድ በቮልቴጅ ብቻ የማይታወቁ ለውጦችን ለመከታተል ይረዳል። ከእነዚህ አንዱ ባትሪው ሲያረጅ ወይም ሲበላሽ በውስጡ የሚፈጠረው ጋዝ ነው። ድምፅ ከጠጣር ወይም ከፈሳሽ ወደ ጋዝ እምብዛም ስለማያልፍ ቀጭን የጋዝ ንብርብር እንኳ ምልክቱን በእጅጉ ያዳክማል።

በፋብሪካ

ባትሪ ሲመረት ኤሌክትሮላይት የተባለው ፈሳሽ ከተጨመረ በኋላ በኤሌክትሮዶቹ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ እስኪሰርግ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። በደንብ ያልራሰ ቦታ ከቀረ ባትሪው ቶሎ ይደክማል፤ ሊቲየም በብረትነት ተጠራቅሞ የውስጥ አጭር ዙር ሊፈጥርም ይችላል። የባትሪው ገጽ ነጥብ በነጥብ በአልትራሳውንድ ሲቃኝ ያልራሱት ቦታዎች ድምፅን ስለሚያዳክሙ በምስል ላይ ተለይተው ይታያሉ።

ከውጭ የማይታይ የአመራረት ጉድለት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ በ2016 እ.ኤ.አ. ታይቷል። በዚያ ዓመት የሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 7 ስልኮች በባትሪ ጉድለት እሳት ስላስነሱ ከገበያ ተሰብስበዋል።

ውስንነት

የድምፅ ፍጥነት በሙቀት ስለሚለዋወጥ ልኬቱ የባትሪውን ሙቀት ታሳቢ ማድረግ አለበት። በትራንስዱሰሩና በባትሪው መካከል አየር እንዳይኖር አብዛኛውን ጊዜ ጄል ወይም ውሃ ያስፈልጋል። ክብ ቅርጽ ያላቸውን ባትሪዎች መፈተሽ ጠፍጣፋዎቹን ከመፈተሽ ይከብዳል። ድግግሞሹ ሲጨምር ትንንሽ ጉድለቶች ይበልጥ ይለያሉ፤ ሞገዱ ግን በጥልቀት ሳይዘልቅ ይደክማል። ስለዚህ አልትራሳውንድ ከኤክስሬይና ከኤሌክትሪክ ልኬቶች ጋር ተደጋግፎ የሚሠራበት ዘዴ ነው።